ሠላሳ ስድስት ጊዜ ከማግኔቱ ሥር፦ ለድባቴ የወሰድኩት የአንጎል ማነቃቂያ ሕክምና ግምገማ

በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሥነ አእምሮ ክሊኒክ ለድባቴ የሚሰጠውን መግነጢሳዊ የአንጎል ማነቃቂያ፣ ሐኪሞቹ በአጭሩ ቲኤምኤስ የሚሉትን ሕክምና፣ 36 ጊዜ ወስጃለሁ። የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም፤ የምገመግመው አገልግሎቱን ነውና፣ የማነሣቸው ጉድለቶችም በሌላ ቦታ ሊያጋጥሙ የሚችሉ ናቸው። ሕክምናውን ከመጀመሬ በፊት የወሰደ ሰው በአማርኛ የጻፈውን ፈልጌ ስላጣሁ፣ ከእኔ በኋላ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን እንዳይመለስ ብዬ ይህን በዝርዝር ጽፌአለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሕክምናው በጥናት የቆመ ነው፣ እኔንም ረድቶኛል፤ ጥሩና መጥፎ አገልግሎትን የሚለየው ግን ማሽኑን ጭንቅላት ላይ የሚያሳርፈው ሰው ጥንቃቄ ነው፣ ለዚህም ነው ከዚህ በታች ስለ ሴንቲ ሜትር አብዝቼ የምናገረው።

ድባቴው የያዘኝ አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሐዘን መስሎኝ ነበር፤ ተዝካሩ ወጥቶ፣ ዓመቱም አልፎ፣ አሁንም ጠዋት ከአልጋ ለመነሣት ከራሴ ጋር ስታገል ሐዘን ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ሞከርኩ፤ አንዱ ጥቂት ረዳኝና ሥራውን አቆመ፣ ሁለቱ ከክብደት መጨመርና ከእንቅልፍ ማጣት በቀር ያመጡልኝ ነገር አልነበረም። ሐኪሜ ስለ ማግኔቱ ሲነግረኝ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ደወልኩ። «ልጄ፣ ጭንቅላትሽን ለማሽን አትስጪ፤ ጸበልሽን ጠጪ፣ እሱ ያውቃል» አለችኝ። ጸበሌንም ጠጣሁ፣ ቀጠሮዬንም ያዝኩ፤ ሁለቱን የሚያጣላቸው ምክንያት እስከ ዛሬ አልታየኝም።

የእናቴ ፍርሃት የብዙዎቻችን ፍርሃት ስለሆነ ስለ ማሽኑ አሠራር ጥቂት ማለት ይገባኛል። ብዙ ሰው አንጎልና ኤሌክትሪክ አብረው ሲነሡ የሚታየው በ1938 ሮም ውስጥ የተጀመረው የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ነው፤ እርሱ ዛሬ በማደንዘዣ የሚሰጥ፣ ሆን ተብሎ መንቀጥቀጥ የሚቀሰቀስበት፣ ለከባድ ሕመም አሁንም ትልቅ ጥቅም ያለው ሌላ ሕክምና ነው። ቲኤምኤስ ግን ማደንዘዣ የለውም፣ ታካሚው እንደ ነቃ ይቀመጣል፣ ሲጨርስም መኪናውን ነድቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል በጭንቅላት ላይ ያርፋል፤ በሽቦው ውስጥ እጅግ አጭር ኃይለኛ ጅረት ሲያልፍ የሚፈጠረው የማግኔት መስክ የራስ ቅልን አልፎ ከሥሩ ባለው የአንጎል ቅርፊት ላይ ትንሽ ጅረት ያስነሣል። ጥልቀቱ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ሸፊልድ በ1985 መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳዩ ያስገረመው ነገር ከውጭ የመጣ ማግኔት የሰውን እጅ ማንቀሳቀሱ ነበር። በ1995 ማርክ ጆርጅ የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ በየቀኑ የሚሰጥ ማነቃቂያ ለድባቴ መሞከራቸውን አሳተሙ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በመድኃኒት ላልተሻላቸው የድባቴ ታማሚዎች በ2008 ፈቀደው።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ያጋጠመኝ ነገር ከማሽኑ ጋር ሳይሆን ከቋንቋ ጋር የተያያዘ ነበር። እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ ስለ ሕመሜ ስናገር ግን አማርኛ ይሻለኛል ብዬ በስልክ አስተርጓሚ ጠየቅሁ። የሕመሙን መጠን የሚለካው ፒኤችኪው-9 የሚባለው መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይመዘናል፣ ከፍተኛው ድምር 27 ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መከፋትና ስለ ተስፋ መቁረጥ ይጠይቃል። አስተርጓሚው በትሕትና «ተስፋ ቢስ ነዎት ወይ?» አለኝ። ተስፋ ቢስ በአማርኛ ስድብ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ እኔም ደንገጥ ብዬ «ኧረ አይደለሁም» አልኩ፣ እዚያ ላይም 0 ተጻፈ። በዚያ ወቅት ግን ተስፋ ከቆረጥኩ ወራት አልፈው ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ነው የገባኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ በጥናት የተፈተሸ የዚህ መጠይቅ የአማርኛ ቅጂ አለ፤ በማግሥቱ በወረቀት ታትሞ እንዲሰጠኝ ጠይቄ ራሴ ሞላሁት፣ ድምሩም 21 መጣ። ኢንሹራንስ ሕክምናውን የሚፈቅደውም ሆነ የሚከለክለው በከፊል ይህን ቁጥር አይቶ ስለሆነ፣ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ይህን ቅጂ መጠየቅ መብቱ እንደሆነ ይወቅ። ክሊኒኩ ያለምንም ማጉረምረም ስላቀረበልኝ አመሰግነዋለሁ።

ቀጥሎ የልኬቱ ቀን መጣ፤ ከሁሉም በላይ የምናገርበትም እርሱ ነው። ከጥርስ ሐኪም ወንበር ጋር በሚመሳሰል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ የጆሮ መድፈኛ ተሰጠኝ፣ እንደ ዋናተኛ ቆብ የሚለጠጥ ነጭ ቆብ ጭንቅላቴ ላይ ተደረገ፤ በጆሮዎቼ መካከል፣ በዓይኖቼ መካከል ካለው ከአፍንጫዬ መነሻ እስከ ማጅራቴ በሜትር እየተለካ በእስክሪብቶ ምልክት ተደረገበት። ከዚያ ሐኪሙ ጥቅሉን በግራ በኩል ወደ መሐል አናቴ አስጠግቶ አንድ ምት ሰጠ። ጠብ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ምንም የለም። ትንሽ አንቀሳቀሰው፣ ኃይሉን ከፍ አደረገው፣ አሁንም ምንም የለም። በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ምት የቀኝ እጄ አውራ ጣት፣ እኔ ሳላዘው፣ ወንበሩ ክንድ ላይ ብድግ ብሎ ተመለሰ። እጄን እያየሁ የራሴ እጅ አልመስል አለኝ። የእያንዳንዱ ሰው አንጎል የሚነቃበት የኃይል መጠን ስለሚለያይ፣ ጣቱን ከአሥር ምት አምስቱን ያህል የሚያንቀሳቅሰው ዝቅተኛ ኃይል እንደ መነሻ ይያዛል፤ ሕክምናው የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ የዚያን 120 በመቶ በሆነ ኃይል ነው። ስለዚህ በዚህ ቀን የተሳሳተ ልኬት ለስድስት ሳምንት የተሳሳተ መጠን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለእኅቶቼ የምለው አለ። በዚያ ቀን ዊግ ተቀጥሎበት ወፍራም ቁጥርጥር ሹሩባ ተሠርቼ ነበር። የማግኔት መስክ ከጥቅሉ በተራቀ ቁጥር በፍጥነት ይደክማል፤ በጥቅሉና በራስ ቅሌ መካከል የጣት ውፍረት ያለው ሹሩባ ካለ አውራ ጣቴን ለማንቀሳቀስ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋል። የተለካሁትም በዚያ ከፍ ባለ ኃይል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሹሩባዬን ፈትቼ ስሄድ ምቱ ጭንቅላቴን እንደ መዶሻ መታኝ፣ ቅንድቤም አብሮ ይዘል ጀመር። ጠጋ ብሎ ለሚያስብ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ርቀቱ ቀንሷል፣ ኃይሉ ግን አልተቀነሰም። የዕለቱ ባለሙያዋ ወዲያው አቁማ ሐኪሙን ጠራችው፣ እንደገና ተለካሁ፣ ኃይሉም በጉልህ ዝቅ አለ። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የዚህ ሕክምና ከባዱ አደጋ መንቀጥቀጥ ነው፣ በጥንቃቄ ሲሠራ ከሺህ ታካሚ አንድ እንኳ የማይደርስበት ብርቅ ነገር ቢሆንም ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ ከልክ ያለፈ ኃይል ነው። ስለ ፀጉር አሠራር ቀድሞ የሚጠይቅ አንድ መስመር በመጀመሪያው ቀን ቅጽ ላይ አለመኖሩን እንደ ትልቅ ጉድለት እቆጥረዋለሁ። ሹሩባ የምትሠሩ ሴቶች ወይ ከልኬቱ በፊት ፍቱት፣ ወይ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት አሠራር ያዙ፤ ከለወጣችሁም ዳግመኛ ልኬት ሳይደረግላችሁ ወንበሩ ላይ አትቀመጡ።

ጥቅሉ የሚያርፈው አውራ ጣትን በሚያዘው ቦታ ላይ ሳይሆን ከዚያ ወደ ፊት፣ በግራ የግንባር ቅርፊት የላይኛ ጎን ላይ ነው። ለዓመታት ይሠራበት የነበረው ደንብ ከጣቱ ቦታ አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መለካት ነበር፤ ጭንቅላት ግን ትንሽም ትልቅም ነው። በ2001 የታተመ የጀርመን ጥናት በ22 ሰዎች ላይ ይህን ደንብ በአንጎል ምስል ሲያረጋግጥ በትክክል የታለመው ቦታ ላይ ያረፈው በ7ቱ ብቻ ነበር። አሁን ብዙ ክሊኒኮች፣ የእኔም ጭምር፣ የጭንቅላትን ዙሪያና ርዝመት ለክተው በአንጎል ሞገድ ምርመራ ኤፍ 3 የሚባለውን ነጥብ ያገኛሉ፤ ይህ ከቀድሞው የተሻለ ነው።

ለምን ያ ቦታ ተመረጠ የሚለውን ያስረዳን የአንጎል ምስል ጥናት ነው፤ እኔም በዚህ ረገድ ለጥናቱ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። የነርቭ ሐኪሟ ሄለን ሜይበርግ በድባቴ የተያዙ ሰዎችን አንጎል በምስል ስታጠና በግንባር ውስጠኛ ክፍል በጥልቀት ያለ 25 የሚል ቁጥር የተሰጠው ቦታ ከልክ በላይ ሲሠራ፣ ሰውየው ሲሻለው ደግሞ ሲረጋ አየች። በ2005 ከቀዶ ሐኪሙ አንድሬስ ሎዛኖ ጋር ቶሮንቶ ውስጥ ምንም ሕክምና ባልረዳቸው 6 ሰዎች አንጎል ውስጥ በዚያ ቦታ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ቀጭን ሽቦ፣ ተክለው 4ቱ ጉልህ መሻሻል ማሳየታቸውን አሳተሙ። በኋላ የተደረገው ሰፊ ሙከራ ያንን ውጤት ሊደግመው አልቻለም፤ ሐሳቡ ግን አልጠፋም። ማግኔት እስከዚያ ጥልቀት አይደርስም። በ2012 ማይክል ፎክስና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ግን በላይኛው ቅርፊት ላይ ካሉት ነጥቦች ይበልጥ የሚጠቅሙት ከዚያ ጥልቅ ቦታ ጋር ተቃራኒ የሥራ ግንኙነት ያላቸው፣ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ የሚል ነጥቦች ናቸው። በሌላ አነጋገር ከላይ ሲንኳኳ ከታች ይሰማል፤ የሚንኳኳውን በር ማወቅ ነው ቁም ነገሩ።

ይህን እውቀት ለንግድ የሚያጣምሙም እንዳሉ ግን ሳልናገር አላልፍም። ሌላ ክሊኒክ አስቀድሜ ጠይቄ ነበር፤ በዚያ «የድባቴሽን ዓይነት በምስል እንለያለን» ተብዬ በብዙ ሺህ ዶላር በቀይና በሰማያዊ ቀለም ያጌጠ የአንጎል ምስል እንድነሣ ተጋበዝኩ፣ ኢንሹራንስም አይከፍለውም። የምስል ጥናቶቹ ያገኙት ልዩነት የብዙ ታማሚዎች አማካይ ከብዙ ጤነኞች አማካይ ጋር ሲተያይ የሚታይ ነው፤ የአንዲትን ሴት ምስል ብቻ አይቶ ድባቴ አለባት ወይም የለባትም፣ ይህ መድኃኒት ይስማማታል ብሎ ለመፍረድ ዛሬ የሚያበቃ የአንጎል ምስል የለም። ምስል ዕጢን ወይም የደም መፍሰስን ለመለየት፣ ወይም ጥቅሉን በትክክል ለማነጣጠር ሲነሣ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ተስፋ በቆረጠ ሰው ላይ ውድ ቀለም መሸጥ ግን በደል ነው እላለሁ፤ ገንዘቡን ከዘመድ ተበድሮ የሚከፍል ሰው እንዳለ አውቃለሁና።

የየዕለቱ ሕክምና በራሱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ግንደ ቆርቁር ወፍ ጭንቅላት ላይ የሚቆረቁር ይመስላል፤ አራት ሰከንድ ይመታል፣ ያርፋል፣ ይደግማል። የመጀመሪያው ሳምንት ራስ ምታት ነበረኝ፣ ታይሌኖል በቃው። የእኔ ዙር 19 ደቂቃ ገደማ ይወስድ ነበር፤ የቀድሞው ይፋዊ አሠራር 37.5 ደቂቃ ነው። በካናዳ 414 ሰዎች ተሳትፈውበት በ2018 የታተመ ትልቅ ሙከራ በሦስት ደቂቃ የሚያልቀው አዲሱ የአመታት ስልት ከ37.5 ደቂቃው እንደማያንስ አሳይቷል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳ ሥራ የምትገባ ሴት በመካከል ምን ያህል ጊዜ እንዳላት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ዜና አይደለም፤ ክሊኒኬ ግን ማሽኑ እያለው ሦስት ደቂቃውን ላለመስጠት የኢንሹራንስ ኮድን ሰበብ ማድረጉ አሳዝኖኛል።

በአንድ ቀን ደግሞ የተለመደችው ባለሙያ ስላልነበረች በምትኳ የመጣው ቆቡን ከቦታው ትንሽ ወደ ፊት አንሸራትቶ አጠለቀልኝ። ልዩነቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ የላይኛው መንጋጋዬና ጥርሴ ግን በየምቱ ይነዝር ጀመር። ስናገር «ይለመዳል፣ ታገሺ» አለኝ፣ ታገሥኩ። በማግሥቱ የእኔዋ ባለሙያ ቆቡን በሜትር ለክታ ስሕተቱን አገኘችው፣ ይቅርታም ጠየቀችኝ። እርሷ ሁልጊዜ ቆቡን ካጠለቀች በኋላ ከአፍንጫ መነሻ እስከ ቆቡ ጠርዝ ትለካ ነበር፣ ሥራው ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። የእኔን ዙር ውጤት ያመጣው ይህ ግማሽ ደቂቃ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላው ወንበሩ፣ ቡናው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ሁሉ እንዲያው ነው።

ለውጡ ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው። ሦስት ሳምንት ምንም አልነበረም፤ እንዲያውም በሦስተኛው ሳምንት ለሁለት ሦስት ቀን ብሶብኝ ማልቀስ አበዛሁ፣ ልተወውም አሰብኩ። ይህ በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ የሚታይ መሆኑን ባለሙያዋ ቀድማ ስለነገረችኝ ነው የቀጠልኩት። ከታመምኩ ጀምሮ እርሾዬን ጥዬ እንጀራ ከሱቅ እገዛ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ እትዬ ቤት ሄጄ እርሾ ለመንኩና የጤፍ ሊጥ አቦካሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ላድርግ ብዬም አልወሰንኩም፤ እጄ ሊጡ ውስጥ ገብቶ ሳለ ነው ለሦስት ዓመት ይህን አለማድረጌን ያስታወስኩት። በመጨረሻው ቀን መጠይቁን ስሞላ 21 የነበረው 6 ሆነ። ሕመሙ ለቋል የሚባለው ድምሩ ከ5 በታች ሲወርድ ስለሆነ እኔ ደፉ ላይ ነኝ፤ መድኃኒቴንም አላቆምኩም። በ307 የአሜሪካ ታካሚዎች ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናት በሐኪሞች ምዘና 58 በመቶው ጉልህ መሻሻል እንዳገኙ፣ 37 በመቶው ደግሞ ሕመሙ እንደለቀቃቸው ይገልጻል። ያ ጥናት የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ በየቀኑ ከቤት ወጥቶ ደግ ሰው ጋር መቀመጡም ራሱ የሚያሽል መሆኑን ከራሴ አውቃለሁ። ቢሆንም ሦስት መድኃኒት ለወደቀበት ሰው ይህ ቁጥር ተስፋ ነው።

ወደ ፊት የሚመጣውን ለሚጠይቁ በስታንፎርድ ኖላን ዊልያምስና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት አሠራር አለ፤ ለእያንዳንዱ ታካሚ በተግባራዊ ኤምአርአይ፣ ማለትም የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ የማግኔት ምስል፣ ከጥልቁ ቦታ ጋር የሚገናኘውን የራሱን ነጥብ ይፈልጋል፣ ከዚያም በቀን 10 ጊዜ ለ5 ቀን ይሰጣል። በ2022 በታተመው የ29 ሰዎች ሙከራ በቀጣዮቹ አራት ሳምንታት ሕመሙ የለቀቃቸው እውነተኛውን ካገኙት 79 በመቶ፣ የማስመሰያውን ካገኙት 13 በመቶ ነበሩ፤ በዚያው ዓመትም ተፈቀደ። ድንቅ ውጤት ነው፤ ቁጥሩ ግን ጥቂት ነው። በ2024 የታተመ 255 ሰዎች የተሳተፉበት የብሪታንያ ሙከራ ደግሞ በተለመደው ፍጥነት ሲሰጥ የግንኙነት ምስልን ተከትሎ ማነጣጠር በተራ ኤምአርአይ ከማነጣጠር እንደማይበልጥ፣ ሁለቱም ቡድኖች ግን ለ26 ሳምንታት የዘለቀ መሻሻል እንዳገኙ አሳይቷል። ስለዚህ ለውዱ ምስል ሲባል ተራውን ሕክምና የሚያዘገይ ሰው ባይኖር እመኛለሁ።

ወጪው ለእኔ በየቀጠሮው 40 ዶላር ነበር፣ በ36 ሲባዛ 1,440 ዶላር፤ የኢንሹራንሱ ፈቃድ ሰባት ሳምንት ፈጅቷል፣ ሁለት ጊዜም ወረቀት ተመልሷል። የወሰዳችሁትን የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም፣ መጠንና ጊዜ አስቀድማችሁ ብትጽፉ ፈቃዱ ይፈጥናል። ጭንቅላት ውስጥ ብረት፣ የደም ሥር መቆንጠጫ ወይም የመስማት መትከያ ያለበት ሰው አይወስደውም፤ የሚጥል በሽታ የነበረበት፣ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ወይም ቡፕሮፒዮን የሚባለውን የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመጀመሪያው ቀን መናገር አለበት።

ስምንት ወር ሆኖኛል። ባለፈው ወር እንቅልፌ ሲዛባ ደውዬ ነበር፤ ማጠናከሪያ ያስፈልግ እንደሆነ ለማየት መጠይቁ፣ በአማርኛው ቅጂ፣ በፖስታ ተልኮልኝ ሞልቼ መለስኩ። ድምሩ 7 ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ሰጥተውኛል፤ ስልኩን ያነሣችው ያችው ባለሙያ ስትሆን፣ ከሰላምታ ቀጥላ የጠየቀችኝ ፀጉሬን እንዴት እንደተሠራሁ ነው።